ወደ ግራ የዞረው የሮቦት አፍንጫ

በደሉን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ጨዋታው ሲደራ እንዳይዘነጋኝ። ሐረር ከተማ፣ አቦከር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ፣ በእጄ የሠራሁትን የሚተጣጠፍ ሮቦት ጠረጴዛ ላይ አቁሜ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ፣ ዳኛ ሆኖ የመጣው ሰው እንዴት እንደተሠራ የልጅ ልጄን ጠየቃት። እኔን አልጠየቀኝም። እኔን የጠየቀኝ ወንበር እፈልግ እንደሆነ ብቻ ነው።

ይህን ሳወራ «ታዲያ ይኼ ምን በደል አለው? እንዲያውም ማክበሩ ነው» የሚሉኝ አሉ። ወንበር ቤቴም አለ። ሠሪው ቆሞ እየሰማ ስለ ሥራው ሌላ ሰው ሲጠየቅ በደል ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ሚዛን የሚያጋድል ነጋዴ ካየሁ ዝም ብዬ እንደማላልፍ በርበሬ ሻጮቹ ሁሉ ያውቃሉ። ይኼም ከዚያ አይለይብኝም። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ረጃጅም ቃላት የሉኝም፤ የሆነውን ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ታያለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔው ስላሳደግኳት እንደ እኩያዋ «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ አሁን ኮሌጅ ገብታለች፣ አመሏ ግን ያው ነው። ልብስ ላነሳ በአጠገቧ ሳልፍ ዓይኔ ስልኩ ላይ አረፈ። ካርቱን ነው። አንድ ተዋጊ ጄት እየበረረ መጣና መሬት ሊነካ ሲል ተጣጥፎ እንደ ሰው በሁለት እግሩ ቆመ። መሣሪያም ይዟል።

«መልሺው እስቲ» አልኳት። መለሰችው። እንደገና አየሁ።

«እግሩ ቅድም የት ነበር?»

«ሞተሮቹ ናቸው እግር የሆኑት፣ እምዬ።»

«እጁስ?»

«ከሆዱ ሥር ተጣጥፎ ነበር።»

«ጭንቅላቱስ?»

«ከጀርባው ውስጥ።»

«ውሸት ነው። አይበቃውም።»

«ካርቱን እኮ ነው!»

«ካርቱንም ቢሆን። ቦታ የሌለው ቦታ ውስጥ እጅ አይከተትም።»

ሳቀችና ሌላ ሥዕል አሳየችኝ። ይህንኑ የመሰለ ነገር ፕላስቲክ ቆርጠው፣ አንዱን ከአንዱ አጣብቀው፣ ከባዶ ተነሥተው በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ አለችኝ። ሱቅ ከሚሸጠው ሳጥን ውስጥ አውጥተው የሚገጣጥሙት ሳይሆን፣ እያንዳንዷን ብሎን ራሳቸው የሚያበጁ። አንዱ ሰውዬ ሮቦቱን በጣቱ እያጣጠፈ ጄት ሲያደርገው አየሁ። እጁን ተመለከትኩ። እንደኔው እጅ አምስት ጣት ነው ያለው።

«ይኼንማ እኔም እሠራዋለሁ» አልኩ።

ስልኳን ደረቷ ላይ አደረገችና በሐዘኔታ አየችኝ። «እምዬ፣ ይኼ አንቺ የምትሰፊው መሶብ አይደለም።»

ሮቦቱ የተሠራው በዚች አንድ ንግግር ነው። እሷም ዛሬ ድረስ ትቆጭባታለች፤ እኔ ደግሞ አመሰግናታለሁ።

በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ቀድጄ፣ ክፍሎቹን እያንዳንዳቸው ከሥዕሉ እየተመለከትኩ ቆረጥኩ። ሞተር፣ ክንፍ፣ እጅ፣ ደረት። በክር እያሰርኩ ሳጥፋቸው የጠረጠርኩት ሆኖ አገኘሁት፤ አጭበርብረዋል። ጄት ሲሆን እጁ ቀጭን ነው፣ ሮቦት ሲሆን ግን እንደ ጎረምሳ ክንድ ይወፍራል። ልጅቱን ጠርቼ አሳየኋት።

«ካርቱን ሠሪዎች ሁሌም እንደዚህ ያደርጋሉ» አለች።

«የኔው ግን አያደርግም። ጄት ሲሆን ያለው ሁሉ ሮቦት ሲሆንም ይኖራል። የሚጨመር የለም፣ የሚነሣም የለም።»

ይኼን ሕግ ባላወጣ ኖሮ በአጭር ጊዜ እጨርሰው ነበር። ሕጉ ግን ፍርድ ስለሆነ አልለቀውም አልኩ። እጁን ባቀጥነው ሮቦቱ የታመመ ይመስላል፤ ባወፍረው ጄቱ ሆዱ ይነፋል። በመጨረሻ መፍትሔው ከሆዱ መጣ፤ እጆቹ የሚገቡበትን ቦታ ለማግኘት የነዳጅ ጋኑን ወደ ክንፎቹ አዛወርኩት። ልጅቱ «የማይበር ነገር ነዳጅ ምን ያደርግለታል?» ብላ ሳቀችብኝ። ነዳጅ የሌለው ጄት ሠርቼ ሰው ምን ይለኛል?

ከዚያ የመጠን ጉዳይ መጣ። «አንድ ለሰባ ሁለት ነው የሚባለው» አለችኝ፤ እውነተኛው ከሞዴሉ ሰባ ሁለት ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው።

«እውነተኛው የታለ?»

«የለም።»

«የሌለን ነገር በምን ለኩት?»

 እኔም ሮቦቱ ባይኖርም ሰው አለ ብዬ ከአብራሪው ጀመርኩ። አብራሪው የአውራ ጣቴን አንዱን አንጓ ያህላል። እሱ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ታወቀ፤ ወንበሩ እሱን የሚያስቀምጥ፣ መስኮቱ እሱን የሚያሳይ፣ በሩ እሱን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ሮቦቱ ራሱ ቆሞ ከአንድ ስንዝር ብዙ አያልፍም። አብራሪውን አስቀምጬ ሳበቃ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ።

«ይኼ ሰውዬ እንዴት ነው የሚወርደው?»

«ኧ?»

«ሮቦቱ ቆሞ እሱ ደረቱ ላይ ተቀምጧል። ሥራው ሲያልቅ ይዘላል?»

«እምዬ፣ ሥዕሉ ላይ መሰላል የለም።»

«ሥዕሉን የሳለው ሰው አይወርድበትማ!» አልኩና ከስቴኪኒ እንጨት መሰላል ሠራሁለት። እግሩ ውስጥ ተጣጥፎ ይገባል። እስከ ዛሬ ከሁሉም ክፍል የምወደው እሱን ነው።

ዕቃው ከዚህም ከዚያም መጣ። ገላው የዘይት ጀሪካን ነው፤ ቆርጬ በጨርቅ ሸፍኜ በካውያ ስተኩሰው እንደ ሸራ ይዘረጋል። የመሣሪያው አፈሙዝ የእስክርቢቶ ቀፎ ነው። አጥንቱ የጃንጥላ ሽቦ ነው። በገላው ላይ ያሉትን መስመሮችና የብሎን ነጥቦች በሙሉ የጻፍኩት በስፌት ወስፌዬ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰፋበት፣ እጀታው ከእጄ ጋር አብሮ ያረጀ ወስፌ። እሱ እጄ ላይ ከሌለ ማሰብም አልችልም።

መታጠፊያው ግን አስቸገረኝ። ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ሺህ ጊዜ ቢታጠፍ የማይላላ ነገር ያስፈልጋል። አንድ ቀን መነጽሬን አውልቄ ሳጥፈው ጉልበቱን አገኘሁት። የመነጽር ማጠፊያ! ለጉልበት፣ ለክርን፣ ለትከሻ፣ ለክንፍ። የራሴን ግን አልነካም፤ ስለዚህ በማኅበራችን ዕለት የተሰበረ መነጽር ያላችሁ አምጡልኝ አልኩ።

«ለምንሽ ነው?» አሉ።

«ለጉልበት ነው።»

ከዚያ በላይ ማስረዳት አልፈለግሁም። መነጽር በያይነቱ ጎረፈልኝ። በሚቀጥለው ወር ግን አንዷ የማኅበራችን ሴት አሮጌ መነጽሯን በሻሽ ጉልበቷ ላይ ጠምጥማ መጣች። ለውጥ አለው ወይ ብላት «ትንሽ ቀለል ብሎኛል» አለችኝ። ምን ልበላት? ካቀለላት ይቅለላት ብዬ ተውኩት።

ሁሉም ሆኖ አፍንጫው እምቢ አለ። የጄቱ አፍንጫ ሹል ነው፤ ሮቦት ሲሆን ወደ ታች ይታጠፍና ደረት ይሆናል። ፕላስቲኩን በእሳት ሳሾለው ተጨማደደ። ካርቶኑ በኮላው ራሰ። ከቆርቆሮ ሠራሁትና አማረ፣ ግን ከበደው፤ ሮቦቱን ባቆምኩት ቁጥር በግንባሩ ይደፋል።

ይህን ሁሉ የማጫውታት ወዳጄ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው ቤቷ፤ የሐረሪ ሴት ናት። ስፌት የተማርነው አብረን፣ በእናቷ ቤት ነው። ያኔ ሴት ልጆች ነደባ በሚሉት ከፍ ያለ መደብ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን እንሰፋ ነበር፤ እኔን ሁሌ ዳር ነበር የሚያስቀምጡኝ። ግራኝ ነኝ። ለመብላት በቀኜ አስለምደውኛል፣ ለመጻፍም ተቆጥተው አስለምደውኛል፤ ለመስፋት ግን እጄ አሻፈረኝ አለ። መሐል ከተቀመጥኩ ክርኔ የጎረቤቴን ክርን ይመታል፤ የተመታችው ወዳጄ ነበረች፤ ተጣላን፣ ከዚያ ወዲያ አልተለያየንም።

የቆርቆሮ አፍንጫ ያለውን ሮቦት ይዤላት ሄድኩ። ግድግዳው ሙሉ ስፌት በተሰቀለበት ሳሎኗ ውስጥ፣ ነደባው ላይ አቆምኩት። በግንባሩ ተደፋ። አነሣሁት። ተደፋ።

«ማሻአላህ!» አለች እጇን አጨብጭባ። «አንቺ ክርስቲያን፣ ልጅሽ ግን ሰጋጅ!»

«አትሳቂ፤ ምን ላድርገው?»

አንሥታ በመዳፏ መዘነችው። አፍንጫውን ነካች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን፣ እየሰፋችው የነበረውን የሙዳይ ክዳን አነሣችና አጠገቡ አስቀመጠችው። ሹል ነው። ቀላል ነው። ጠንካራ ነው።

ተያየን። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዕድሜዬ ሰው ይነግረኛል? ልጅቱ «መሶብ አይደለም» ስላለችኝ፣ እልክ ይዞኝ ስፌትን ከሐሳቤ አስወጥቼው ነበር። ዕውር ያደረገኝ እልኬ ነው።

ጊደር መጋላ ወርጄ ከድሬ ጠያራ ገጠር ከመጣች አንዲት ሴት ቀጫጭን የስፌት ሣር መረጥኩ። አንዲቱን ዘለላ ስገለብጥ ሻጯ ተናደደች። «እናቴ፣ ለምን ያህል ስፌት ነው እንዲህ የሚመርጡት?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት፤ ከእንቁላል ያነሰ። «ለአይጥ ነው የሚሰፉት?» አለችና ተሳስቀን ተለያየን።

ያን አፍንጫ የሰፋሁት ትንፋሼን ይዤ ነው። ከጫፉ ጀምሬ፣ እየዞርኩ፣ እያሰፋሁ። ዙሩ እንደ ልማዴ ወደ ግራ ነው፤ የሌላው ሰፊ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲዞር የኔ ወደ ግራ ይዞራል። ሳበቃ ከላይ የመኪና ስቱኮ ቀባሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ግራጫ ቀለም ረጨሁበት። ውስጡን አልነካሁትም። ተገጠመ፤ ሮቦቱም ቆመ። አልተደፋም።

ወዳጄ ግን ከንፈሯን መጠጠች። «ወላሂ አበላሸሽው። ስፌቱን በቀለም ትደብቂዋለሽ? ማን እንደሠራው በምን ይታወቃል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት።

«አላህማ ያውቃል» አለች። «የማያውቀው ሰው ነው።»

ትክክል ነበረች።

የዕደ ጥበብና የፈጠራ ትርኢት አቦከር ውስጥ ይደረጋል ሲባል ወዳጄ ስፌቶቿን ልታቀርብ ተመዘገበች፤ እኔም ተመዘገብኩ። የልጅ ልጄ በስልኳ መዝግባኝ፣ አስመዝጋቢ በሚለው የራሷን ስም፣ ሠሪ በሚለው የኔን ጽፋለች፤ ዓይኔ እያየ ነው የጻፈችው። በዕለቱ ሮቦቱን በጥጥ ጠቅልለን በባጃጅ ሄድን። ባጃጁ ድንጋይ ሲረግጥ የአንዱ ክርን ሽቦ ላላ፤ አዳራሹ ስንደርስ ወስፌዬን አውጥቼ እያጠበቅሁት ነበር።

አስተናባሪዎቹ ሮቦት መሆኑን እንዳዩ ጠረጴዛችንን «ወጣት ፈጣሪዎች» ከሚል ጽሑፍ ሥር አደረጉት። ምን አገባኝ፣ ጠረጴዛ ጠረጴዛ ነው አልኩ። ወዳጄ ከፊት ለፊታችን፣ ከስፌቶቹ ጋር ተቀመጠች።

ዳኛው መጣ። ክራቫት ያሰረ፣ ወረቀት የያዘ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ። ሮቦቱን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ይህን አልክድበትም። ጎንበስ ብሎ በጎን አየው፣ በኋላ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ልጅ ልጄ ዞረ።

«ድንቅ ነው! ከምን ሠራሽው?»

«እኔ አልሠራሁትም» አለች። «አያቴ ናት የሠራችው።»

ሳቀ። «ትሑት ነሽ። መታጠፊያው ከምንድን ነው?»

«አያቴን ጠይቃት። እሷ ናት የምታውቀው።»

«አያትሽ አግዘውሻል ማለት ነው? ጎበዝ። ንድፉን ከየት አገኘሽው?»

«ኧረ አያቴ ናት የሠራችው እያልኩህ ነው!»

ያን ጊዜ ወደኔ ዞረ። ተዘጋጀሁ። ስለ ነዳጁ ጋን ልነግረው፣ ስለ መሰላሉ ልነግረው፣ አፌን ከፈትኩ።

«እማማ፣ ወንበር ላምጣልዎ?»

«ወንበር አልፈልግም» አልኩ። «ጠይቀኝ።»

«ምን ልጠይቅዎት?»

«እሷን የጠየቅሃትን።»

ፈገግ አለ፣ «እሺ እማማ» አለ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ አስተናባሪዋ አንድ ካርድ አምጥታ ከሮቦቱ ፊት አቆመች። «ወጣት ፈጣሪ» ይላል፤ ከሥሩ የልጅ ልጄ ስም ተጽፏል። አንደኛ ወጥታለች።

ልጅቱ ቀይ በርበሬ መሰለች። «እምዬ፣ እኔ ነግሬዋለሁ፣ ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ፤ ዘወር በይ» አልኩና «አንተ ልጅ!» ብዬ ተጣራሁ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ድምፄ ትልቅ ነው፤ አልደብቅም።

ዳኛው ተመልሶ መጣ። «እማማ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ይኼን የሠራው ማን ነው?»

«እማማ፣ መቼም እርስዎ… ይኼ እኮ ፕላስቲክ ነው፤ ስፌት አይደለም።»

 ያው የልጅ ልጄ ንግግር ነው፤ ይኼኛው ግን ክራቫት አስሯል። ወስፌዬ እጄ ላይ ነበር። ሮቦቱን አነሣሁና ወስፌውን አፍንጫውና አንገቱ በተጣበቁበት መስመር ላይ አስገባሁት።

«ኧረ እማማ! ይተዉ! ይሰበራል!» ብሎ ጮኸ። እኔን አልፎኝ ሲሄድ ያልደነገጠ ልጅ አሁን እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ጨክኜ ነቀልኩት። ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ ስቱኮው ተፈረፈረ። ሾጣጣውን አፍንጫ ገልብጬ መዳፌ ላይ አደረግሁና ውስጡን አሳየሁት። «ይኼ ምንድን ነው?»

የስልኩን መብራት አብርቶ አጎነበሰ። «ሣር… ስፌት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«የስፌቱን አዟዟር እየው ብዬህ ነው።»

አላወቀውም፤ ከየት ያውቀዋል? ያኔ ወዳጄ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ አንዱን የሙዳይ ክዳን ይዛ፣ ሰው እየገፋች መጣች። «ያ ወልዲ፣ ልጄ፣ ና እስቲ» አለችው። «ይኼ የኔ ነው። ውስጡን እየው። ዙሩ ወደየት ነው?»

«ወደ ቀኝ።»

«እነዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉት የሌሎቹ ሴቶች ናቸው። ሂድና እያቸው።» ሄዶ አየ። ሰውም ተከትሎት ሄዶ አየ። ሁሉም ወደ ቀኝ ነበሩ። «አሁን የሮቦቱን እየው።»

«ወደ ግራ ነው።»

«እንዲህ የምትሰፋ አንድ ሴት ነው የማውቀው። በልጅነታችን ክርኗ የጎን አጥንቴን ሲወጋኝ ኖሯል፤ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይሰማኛል።» ከዚያ ወደ ልጅ ልጄ ዞረች። «ይቺ ደግሞ በቀኟ ነው የምትጽፈው። ስፌቱንስ ተወው፣ ቁልፍ ተከይ ብትባል ጣቷን አብራ ትሰፋለች።»

«እውነቷን ነው» አለች ልጅቱ፤ ደስ ብሏት።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዳኛው አንድ ጊዜ አፍንጫውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። ከዚያ ካርዱን አንሥቶ የልጅ ልጄን ስም ሰረዘና በእስክርቢቶ የኔን ጻፈ። «ወጣት ፈጣሪ» የሚለው ግን እንደታተመ ቀረ። ምስክር ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጄ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ጀጎል መግቢያው ላይ ቆማ ሰው ሁሉ እየሰማ «ወጣቷ! ወጣቷ!» እያለች ነው የምትጣራው።

ካርዱ ተስተካከለ፤ እኔ ግን አልተስተካከልኩም። ካርድ የወረቀት ነገር ነው። አፉን ከፍቶ እኔን ያልጠየቀበት ምክንያት አልተነገረኝም። እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሲበተን፣ «ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?» አልኩት።

«ሰዓት አጥሮን ነው፣ እማማ።»

«እሷን ለመጠየቅ የበቃ ሰዓት እኔን ለመጠየቅ ያጥራል?»

ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ተወው አልኩ፤ ለዚያን ቀን ነው የተውኩት።

ሌላ ጊዜ ጊደር መጋላ ላይ ቅመም ስገዛ አገኘሁት። አየኝና ከድንብላል ጆንያ ጀርባ ሊሄድ ሲል ነጠላዬን አጣፍቼ ቀደምኩት። «ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?»

«መመሪያው ነው እማማ፤ በወጣቶቹ ጠረጴዛ ያለውን ወጣቶቹን ነው የምንጠይቀው።»

«ጠረጴዛው ነው ጥያቄ የሚመርጥልህ?»

ቅመም ሻጯ፣ ምኑንም ሳታውቅ፣ «እውነታቸውን ነው» አለችው። ፊቱ ቀላ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። ይቅርታውን ተቀበልኩ፤ ይቅርታ ግን መልስ አይደለም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

የልጅ ልጄን አሳዘናት። «እምዬ፣ ያን ምስኪን ተይው፤ ከተማውን ይለቅልሻል።»

«መልሱን ትቶልኝ ይልቀቅ።»

እስከዚያው አዲስ አፍንጫ ሰፋሁ። በዚህኛው ላይ ቀለም አልረጨሁበትም፤ ወዳጄ አሸነፈች። ግራጫ ሮቦት ቀይና ወርቃማ የስፌት ደረት ይዞ ሲቆም እንደ ሙሽራ ነው። የልጅ ልጄ «ከትክክለኛው ሥዕል ጋር አይሄድም» ብላ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አየችውና ግን ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ዳኛው ነው፤ ክራቫት የለውም። አንድ ሐብሐብ ታቅፎ እንደ አማች አቀርቅሯል። ግባ አልኩት። ሐብሐቡን የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ቆይቶ የልጅ ልጄ ተቀበለችው።

«ምን እግር ጣለህ?»

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው።» ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው። «በልጅነቴ እንደዚህ ያለ ሮቦት እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። አንድ ጊዜ ላጥፈው?»

ይኼ ልጅ ደፋር ነው ወይስ ሞኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አውርጄ ሰጠሁት። እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለኝና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ክንፎቹን አጠፈ፣ ጥሩ። ጭንቅላቱን አስገባ፣ ጥሩ። እጆቹ ላይ ሲደርስ ግን ከሆዱ ሥር አልገቡለትም፤ ገፋ፣ ላበው።

«መጀመሪያ ክርኑን ወደ ውስጥ» አልኩት። «የነዳጁን ጋን ክንፉ ላይ ያደረግሁት ለዚያ ነው።»

«ነዳጅም አለው?»

«ያለ ነዳጅ ይበራል?»

ክርኑን አዞረ፤ እጆቹ ገቡ። ቀጭ አለ። ፊቱ ላይ የመጣው ደስታ ስድስት ዓመት እንኳ የሞላው አያስመስለውም። ከዚያ እኔ ሳልነግረው መሰላሉን በጣቱ አገኘው፣ ጎትቶ አወጣውና ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኼ ለምንድን ነው እማማ?»

ይኸው። ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ። ነገርኩት፤ ሰውዬው መውረድ አለበት አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ትክክል ነው አለ። ጉልበቱ ከምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የማኅበራችንን ሴት ሳልጠቅስ ነገርኩት። አፍንጫውን በጣቱ ዙሩን ተከትሎ ዳበሰው። ወደ ግራ።

ሐብሐቡ ተቆርጦ መጣ። በላን። እኔም የማልረሳውን አልረሳሁም።

«አሁን በደንብ ትጠይቃለህ» አልኩት። «ታዲያ ያን ዕለት እዚያ ቆሜ፣ ልጅቱም እሷን ጠይቃት እያለችህ፣ ለምን እኔን አልጠየቅከኝም? ሰዓት እንዳትለኝ። መመሪያም እንዳትለኝ።»

ሮቦቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። የልጅ ልጄን አየ፣ ሐብሐቡን አየ፣ እጄ ላይ ያለውን ወስፌ አየ።

«እማማ፣ እውነቱን ልናገር?»

«ሌላ ነገር ልትናገር ነበር የመጣኸው?»

«ያን ቀን ወስፌውን ይዘው ከመነጽርዎ በላይ ሲያዩኝ ቁርጥ አያቴን መሰሉኝ» አለ። «አያቴን ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ጠይቄያት አላውቅም፤ የምትጠይቀው እሷ ናት።»